የመሲሕ ሥልጣን፤ ርስት ነው ወይስ ሹመት?

በቢቸና ወይም በሞጣ ገበያ የሚያልፍ እንግዳ «እገሌ እኮ ቅባት ነው» ሲሉ ቢሰማ ግራ ሊገባው ይችላል። ቅባት ለእርሱ ከሱቅ ተገዝቶ ፊትና እጅ የሚታሽበት ነገር ነውና። በምሥራቅ ጎጃም ግን ቃሉ የሃይማኖት ትምህርት ስም ነው፤ ያውም ጉባኤ ያስቆመ፣ ነገሥታትን ያስጨነቀ፣ የሰው ደም ያፈሰሰ ትምህርት።

ነገሩ የሚነሣው «መሲሕ» ከሚለው ቃል ነው። መሲሕ ከዕብራይስጥ፣ ክርስቶስ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሁለቱም «የተቀባ» ማለት ነው። በብሉይ ኪዳን ዘይት የፈሰሰበት ራስ ለሥልጣን የተለየ ነበር፤ ሙሴ አሮንን ቀብቶ ካህን አደረገ፣ ሳሙኤልም ሳኦልን፣ በኋላም ዳዊትን ለንግሥና ቀባ። እንግዲህ ኢየሱስ የተቀባ ከተባለ ቀቢው ማን ነው? ዘይቱስ ምንድን ነው? ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ሥልጣን ሁሉ እንደ ተሰጠው ይናገራል። በባሕርዩ አምላክ ለሆነው ማን ይሰጠዋል?

ይህን ጥያቄ የጎጃም ሰው በሚያውቀው ነገር ሊመስለው ይችላል። የመሬቱ ሥሪት በ1967 ዓ.ም. እስኪለወጥ ድረስ ርስት በትውልድ የሚገኝ ነበር፤ ባለርስቱ አባቱንና እናቱን ቆጥሮ ይከራከርበታል እንጂ ማንንም አያመሰግንበትም። ሹመት ግን ከጌታ ይሰጣል፤ ጌታም መልሶ ይነሣዋል። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው አንባቢያችን ይህን ለመረዳት የርስት ሙግት መስማት አያሻውም፤ የሹመትና የሽረት ደብዳቤ በአንድ ማኅተም ሲወጡ አይቷል። ታዲያ የመሲሕ ሥልጣን ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል?

ክርክሩ የተጋጋለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት ካህናት ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ከቢቸናና ከሞጣ ብዙ በማይርቀው በመርጡለ ማርያም ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሹ ይታያል። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ካህናቱም ተባረሩ። ጥያቄው ግን አብሮ አልተባረረም። ሥጋና መለኮት ከተዋሐዱ ቅባቱ ምን ሠራ? የሀገራችን ሊቃውንት በዚህ ተለያዩ።

የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት፣ በጎጃምም ዲማንና ደብረ ወርቅን የመሰሉ ገዳማት፣ አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። የክርስቶስ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ክብር ያገኘው በዚህ ቅባት ነው ማለታቸው ነው። ተቃዋሚዎቻቸው፣ «ካራ» የተባሉት የተዋሕዶ ሊቃውንት፣ ቅባቱ ወልድ ራሱ ነው ብለው መለሱ፤ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ሌላ አክባሪ አያሻውም። ሦስተኛው ወገን፣ ሦስት ልደት ወይም ጸጋ የሚባለው፣ ብርታቱ በሸዋና በጎንደር ስለ ነበር እዚህ አንዘገይበትም።

ቅባቶችን ክርስቶስን ተሿሚ አደረጉት ብሎ መክሰስ የተለመደ ነበር። ይህ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። እነርሱ የሚሉት ቅባት በማኅፀን፣ ከሥጋዌው ጋር የተፈጸመ ነው፤ ተሰጥቶ የሚወሰድ ሹመት አይደለም። አብ ላኪ፣ መንፈስ ቅዱስም አብሮ የሚሠራ መሆኑ እንዳይዘነጋ መጨነቃቸውም ከንቱ ጭንቀት አይደለም። ይሁን እንጂ የተዋሕዶው መልስ የጸና ነው፤ መቀበል የሥጋ፣ መስጠት የመለኮት ሲሆን ሁለቱ በአንድ አካል ስለ ተዋሐዱ ሰጪውም ተቀባዩም እርሱው ነው። ሥልጣኑ ርስቱ ነው።

ክርክሩ በቃል ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። ዐፄ ቴዎፍሎስ ቅባትን ደገፉ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1708–1713 ዓ.ም.) ደግሞ ንጉሡ በጎንደር ለቅባት ሲፈርዱ የተቃወሙት የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በወታደር ተገደሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው ተዋሕዶን አጸኑ። በዚህም ጊዜ ቢሆን አልቀበልም ባሉት ላይ ጽኑ ቅጣት ወርዷል። ሆኖም በምሥራቅ ጎጃም ራሳቸውን ቅባት የሚሉ ምእመናን እስከ ዛሬ አሉ።

ከጉባኤው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1873 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ የጎጃሙን ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው ዘውድ ደፉላቸው። በ1874 ዓ.ም. ንጉሡ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስም ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ።