ስለ ሠርግ ወጪና ስለ ሙሽሮች ኑሮ

በአገራችን ሠርግ የሁለት ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ቤተ ዘመድ፥ የጎረቤትና የአጥቢያም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጅን በክብር መዳር፥ እንግዳንም በደስታ መቀበል ደግ ልማድ መሆኑን እናምናለን፤ ይህንም የምንጽፈው ድግስ ፈጽሞ ይቅር ለማለት አይደለም። ነገር ግን በከተማ የሚደረገው የሠርግ ወጪ ከደጋሹ አቅም እየራቀ ሄዶ፥ ብዙዎች ሙሽሮች የትዳራቸውን የመጀመሪያ ዓመት ዕዳ በመክፈል ሲያሳልፉት እናያለን።

ዱሮ ድግስ የሚወጣው ከጎተራና ከበረት ነበር። እህሉ ከአውድማ፥ ጌሾው ከጓሮ፥ ሰንጋው ከበረት ይመጣል፤ እንጀራውን የሚጋግሩት፥ ጠላውን የሚጠምቁት፥ ዳሱን የሚጥሉት ዘመዶችና ጎረቤቶች ነበሩ፤ ውለታውም ተራው ሲደርስ በጉልበት ይመለስ ነበር። ዛሬ በከተማ ያው ድግስ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። አዳራሹ በኪራይ፥ ምግቡ በነፍስ ወከፍ ሒሳብ፥ መኪናው፥ ቬሎው፥ ፎቶግራፉና ቪዲዮው ሁሉ በውል ነው። የድግሱ ስፋት እንደ ጥንቱ ሆኖ ሳለ የሚከፈልበት መንገድ ተለወጠ፤ የችግሩም ሥር ይህ ይመስለናል፤ ደመወዝተኛ ጎተራ የለውምና።

ወጪውን የሚያከብደው ከሁሉ ይልቅ የተጠሪው ብዛት ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ እንግዳ ምግብና መጠጥ 800 ብር የሚወጣ ቢሆን፥ 400 ሰው የጠራ ደጋሽ 320,000 ብር ይከፍላል፤ 80 ሰው የጠራ ግን 64,000 ብር ብቻ። በመካከሉ ያለው 256,000 ብር ለሙሽሮቹ የቤት ኪራይ፥ የቤት ዕቃም መግዣ በሆነ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ከአበባና ከሪባን ጥቂት ብር ለማትረፍ ከመድከሙ በፊት፥ የተጠሪውን ስም በወረቀት ጽፎ ቢቆጥር ይሻለዋል።

ችግሩ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። «እገሌን ትቼ እንዴት ዓይኑን አያለሁ?» የማይል አባት የለም። ከዚህ የሚያድነው ወሰኑን በዝምድና ደረጃ ማድረግ ነው፤ ይኸውም ወላጆች፥ ወንድምና እኅት፥ አጎትና አክስት ብለው በዚያ ላይ ቢያቆሙና ሽማግሎች ምክንያቱን አስቀድመው ለዘመድ ቢነግሩ፥ ወሰኑ በሁሉ ላይ እኩል ስለ ሆነ ቅር የሚለው ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቤት አለቃ ተጠርቶ አክስት ስትቀር ግን ቅሬታው እውነተኛ ነው። (አለቆችም በዚህ ነገር ሳይጠሩ ቢቀሩ እንደ ንቀት ባይቈጥሩት መልካም ነበር።)

ጊዜውም ይታሰብበት። ሠርግ በጥር የሚበዛው እህል ከተሰበሰበ፥ ገበሬውም ካረፈ በኋላ፥ ዐቢይ ጾምም ሳይገባ በመሆኑ ነው። ደመወዙን በየወሩ ለሚቀበል የከተማ ሰው ግን ይህ ምክንያት አይጸናም፤ እርሱም በጥር ሲደግስ ከሌላው ጋራ ለአዳራሽና ለበሬ ይሻማል። በጥቅምት፥ ወይም ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሳይገባ ቢያደርገው የሚከለክለው ጾም የለም፤ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀኖችም አሉ።

መልስና ቅልቅልም ሁለተኛና ሦስተኛ ሠርግ እየሆኑ መጥተዋል። እነዚህስ በቤት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ ብቻ ቢደረጉ ምን ይጐድላል? ለዚህም ድንኳኑ፥ ወንበሩና ድስቱ ከእድር ይገኛል፤ ብዙ እድሮች ዕቃቸውን ለአባሎቻቸው ያውሳሉ፥ ወይም በጥቂት ዋጋ ያከራያሉ።

አንዳንድ ሰዎች በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን የቃና ዘገሊላን ሠርግ እያነሡ፥ ስድስት ጋን ወይን የተገኘበት ሠርግ ስለ ምን ይነቀፋል ይላሉ። ሠርግስ አይነቀፍም፤ ጌታችንም ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ተጠርቶ ሄዷል። ነገር ግን በዚያ ቤት የጐደለውን የሞላው ዋጋ የማይጠይቅ ጌታ ነው፤ የእኛን ደጋሽ ጋን የሚሞላው ግን አበዳሪ ነው፥ እርሱም ወለድ ይጠይቃል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ለመሥራት አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚቈጥር ሰው የተነገረው፥ ከዚያም በፊት ግብዣ የሚያደርግ ሰው ድኾችን ይጥራ የተባለው፥ ለዚህ ነገር ይበልጥ የቀረበ ይመስለናል።

ጋብቻውን የሚያጸናው ድግሱ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚያጸናው ጸሎተ ተክሊሉና ቅዱስ ቍርባኑ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡ ከየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር እንዲገኝ ያዛል እንጂ ሰንጋ አይጠይቅም።

የንስሐ አባቶች ይህን ለወላጆች ሊነግሩ የሚገባቸው ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ነው፤ አዳራሹ ተከራይቶ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የሚሰጥ ምክር የሚያስቀረው ወጪ ጥቂት ነውና። አንድ ነገር ደግሞ ለሰበካ ጉባኤዎች እናሳስባለን። በብዙ አጥቢያ የሰንበቴ ቤት አለ። ሙሽሮች እሑድ ቀድሰው፥ ቈርበው፥ ተክሊል ደፍተው ሲወጡ፥ ከሰንበቴው ማኅበር ጋራ ቀን ተለይቶ፥ ቤቱ ለመጠነኛ ምሳ በነጻ ወይም በጥቂት መዋጮ ቢፈቀድላቸው፥ ካህናቱ ማዕዱን ባርከው፥ በደጀ ሰላም ያሉት ነዳያንም ከዚያው ማዕድ ይቀምሱ ነበር።