የኮንሶ ሙዚየምና ዋካዎቹ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካራት የደረሰ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ምሳውን በልቶ ወደ ጂንካ ይቀጥላል። ሐሳቡ ሁሉ ኦሞ ሸለቆ ላይ ነው። እኔ ግን ካራት ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ እላለሁ። በአገራችን ከተሠሩ የእንጨት ቅርጾች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቁት በዚች ከተማ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ተሰብስበዋልና።

የሙዚየሙ ዋና ሀብት ዋካ ነው። ዋካ በኮንሶ ባህል የተከበረ ሰው ሲሞት ለመታሰቢያው ከእንጨት ተጠርቦ የሚቆም ምስል ነው። ለሁሉም አይቆምም። ሰውየው በሕይወት ሳለ በጦርነት ጠላት የገደለ፣ አለዚያም አንበሳ ወይም ነብር የጣለ ጀግና መሆን አለበት። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ጥድ ነው። ለዓይን የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ለጥርስ ደግሞ አጥንት ይገባበታል። ከዚያ ጠራቢው ፊቱን ረዘም፣ ትከሻውን ጠበብ አድርጎ ይተወዋል። መልክን ለማስመሰል አልደከመም፤ ማዕረግን ለማሳየት ግን ተጠቧል።

ዋናው ነገር ዋካ ብቻውን የሚቆም አለመሆኑ ነው። ጀግናው መሀል ላይ ይሆናል፤ ግንባሩ ላይ ባለው ከላቻ በተባለ ጌጥ ይታወቃል። ሚስቶቹ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ እነሱን የሚለያቸው የአንገት ጌጣቸው ነው። የገደላቸው ጠላቶች አነስ ብለው ይከተላሉ። የጣለው አውሬም፣ ጦርና ጋሻውም አይቀሩም። ከፊት የሚደረደሩት ድንጋዮች ሟቹ ስንት ማሳ እንደነበረው ይናገራሉ። እንግዲህ ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አንድም ፊደል ሳይጻፍ የአንድ ሰው ትዳር፣ ሀብትና ገድል ያነባል ማለት ነው።

ወደ ሙዚየሙ ከገቡት ዋካዎች ብዙዎቹ ግን ከዚህ ስብስብ የተነጠሉ ናቸው። በመንገድ ዳርና በመቃብር ላይ የቆሙ ዋካዎች እየተሰረቁ ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ሲሸጡ ኖረዋል፤ ከሌቦች እጅ የተያዙት እዚህ ተጠለሉ። አንድ ምስል ሲነቀል የሚጎድለው እንጨት ብቻ አይደለም። ሚስቶቹ የሌሉበት ጀግና፣ ገዳዩ የማይታወቅ ጠላት ይቀራል። ስለዚህ ጎብኚው እያንዳንዱ ምስል ፊት ቆሞ ከላቻና ጌጥ እየፈለገ፣ ይህ ማን ነበር፣ ከነማን ጋር ቆሞ ነበር ብሎ መጠየቅ አለበት።

ወደ ቦታቸው ይመለሱ የሚል ሰው ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ሜዳ ላይ ዝናብና ምስጥ እንጨትን አይምሩም። ቀድሞ አንዱ ሲበሰብስ ለሌላ ጀግና ሌላ ይቆም ነበር። ዛሬ ልማዱ ሊጠፋ ተቃርቧል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንኑ አመልክቷል። ተተኪ የማይቆምለት ምስል ጣሪያ ቢያገኝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሙዚየሙን አይቶ መመለስ ግን ጉብኝቱን በግማሽ መተው ነው። ከካራት አስጎብኚ ይዞ ወደ መንደሮቹ መሄድ ይገባል። በመንገዱ የሚታየው የኮንሶ የእርሻ እርከን ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ የተገነባ ነው። መንደሮቹ በድንጋይ ካብ የተከበቡ ናቸው፤ እስከ ስድስት ዙር ያላቸውም አሉ። በአደባባያቸው የጀግንነት መታሰቢያ የሆነው ዳጋ-ዲሩማ የተባለ ረጅም ድንጋይ ይቆማል። አጠገቡ ኦላሂታ የሚባል የትውልድ ምሰሶ አለ፤ በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሻገር አንድ ግንድ ይጨመርበታል። ግንዶቹን ቆጥሮ በ18 ያባዛ ሰው የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል፤ የቆዩት ስለሚበሰብሱ ግን የሚያገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ነው።