ቤዝ ጊታር ለምን ያጉረመርማል?



በገና ደርዳሪ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ያስገባል። አውታሩ ሲነካ ከቆዳው ጋር እየተጋጨ ያን ልብ የሚመስጥ ንዝረት ይሰጣል። ይህ ንዝረት ታስቦበት የተደረገ ነው፤ በገና ያለ እርሱ በገና አይሆንም። በኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ላይ የሚሰማው ጉርምርምታ ግን ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው። ይህ እንግዳ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሸኝ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። በወላጆች በዓል ዋዜማ የሙዚቃ ክበባችን ሲለማመድ ቤዙ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ አስቸገረን። እኔም የአምፕሊፋየሩን ስፒና ፈትቼ የመሬቱን ሽቦ ነቀልኩት። ጉርምርምታው ወዲያው ጠፋ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። በማግሥቱ ግን በበዓሉ ላይ ጣቶቼ በክሮቹ ላይ እንዳሉ ልዘፍን ከንፈሬን ወደ ማይክሮፎኑ ባስጠጋ ኤሌክትሪክ መታኝና ወደ ኋላ ተፈናጥሬ ወደቅሁ። ተመልካቹ የጭፈራው ክፍል መስሎት ሣቀ። እኔ ግን የነቀልኩት የጉርምርምታውን ሥር ሳይሆን የሕይወቴን ጠባቂ እንደ ነበረ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኀይል ያናውጣል፤ በዚህም ምክንያት በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህን ሕግ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ ሊዮ ፌንደርም በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲሽን የተባለውን ቤዝ ለገበያ አቀረበ። በሀገራችን የአይቤክስን፥ በኋላም የሮሃን ባንድ ዘፈኖች የሰማ ሁሉ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ያስታውሳል፤ ያም ድምፅ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ጥቅል ሽቦ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ከክሩ የመጣውንም፥ ከግድግዳው ሽቦና ከመብራቱ የሚመጣውንም አንድ አድርጎ ይቀበላል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ በሴኮንድ 41 ጊዜ፥ በሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ደግሞ 49 ጊዜ ይርገበገባል። እንግዲህ ጉርምርምታው ከዜማው ጎን ለጎን የቆመ ነው። በፎገራ ማሳ ሩዝ መስሎ እንደሚበቅል አረም ስለ ሆነ፥ የወፍራም ድምፁን ቁልፍ በመቀነስ እናጥፋው ብንል ሰብሉንም አብረን እንነቅላለን። ስለዚህ መንስኤውን በተራ መፈለግ ይገባል።

አንደኛ፤ ገመዱን መለወጥ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ሲረገጥና ሲታጠፍ በሚኖረው ገመድ ጫፍ ላይ ነው። በሌላ ገመድ ዝም ካለ ጊታሩን መፍታት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፤ ቤዙን ይዞ በቦታ መዞር። ስንዞር ጉርምርምታው ከፍና ዝቅ ካለ መነሻው ከውጭ፥ ለምሳሌ ከፍሎረሰንት መብራት ወይም ከትራንስፎርመር ነው። ሁለት ፒክአፕ ባለው የጃዝ ዓይነት ቤዝ ላይ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች እኩል ብንከፍት ጉርምርምታው ይቀንሳል፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለ ተሠሩ የአንዱን ሁከት ሌላው ያጠፋዋልና። አንዱን ስንዘጋ ሁከቱ ቢመለስ ብልሽት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ክሮቹን መንካት። ይህ የሚደረገው የአምፕሊፋየሩ የመሬት መስመር ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ክሮቹን ስንነካ ጉርምርምታው ከቀነሰ የክሮቹ የመሬት ሽቦ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለው መከለያ ስለ ሆነ የጊታሩን ውስጠኛ ጎድጓዳ በስስ የመዳብ ወረቀት ለብጦ ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት ይረዳል። ክሮቹን ስንነካ ለውጥ ሳይኖር የጃኩን ብረት ስንነካ ዝም ካለ ግን ከክሮቹ ማረፊያ ብረት የሚመጣው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው።

አራተኛ፤ በመልቲሜትር መለካት። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለን በጊታሩ ላይ እንተወዋለን። ከክሮቹ ማረፊያ እስከ ገመዱ ጫፍ ውጫዊ ብረት ያለው ልክ ወደ 0 ኦም መሆን አለበት። ባትሪ በሌለውና አንድ ፒክአፕ ባለው ቤዝ ላይ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍተን በገመዱ ጫፍና በውጫዊው ብረት መካከል ብንለካ ከ7 እስከ 12 ሺህ ኦም አካባቢ ይገኛል። ቁልፉ የተለመደው 250 ሺህ ኦም ሆኖ ሳለ መለኪያው ወደ 250 ሺህ ካሳየ የፒክአፑ መስመር ተቋርጧል፤ 0 ካሳየ ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ተነካክተዋል። የተበጠሰው እንደ ገና ይበየዳል፤ ጥሩ ብየዳ የሚያብረቀርቅ ሲሆን ክፉው ደብዛዛ ነው። ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ስለ ገባበት ማጽጃ ይበቃዋል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ጉርምርምታው ካልጠፋ ምክንያቱ የኛው ሊሆን ይችላል። አምፕሊፋየሩና የማይክሮፎኑ መሣሪያ በተራራቁ ሶኬቶች ላይ ተሰክተው በድምፅ ገመድ ሲገናኙ የመሬት ሽቦዎቻቸው ክብ ቀለበት ይሠራሉ፤ ጉርምርምታውም በዚያ ይዞራል። መድኀኒቱ ሁለቱንም ደኅና የመሬት መስመር ባለው በአንድ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ሽቦውን የነቀለ ሰው ቀለበቱን ይሰብራል፤ ነገር ግን ከአምፕሊፋየሩ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣል። ከዚያም በክሮቹ፥ በእጅና በከንፈር አልፎ ወደ ማይክሮፎኑ ይሄዳል። ሌስ ሃርቪ የተባለው የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች በ1972 እ.ኤ.አ. በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው የመሬት መስመር በሌለው ማይክሮፎን ምክንያት ነው።

ይህ ነገር ከጣራ ገዳም እስከ ወረታ ላለነው ሁሉ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይዞ ይውላል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ ለመሬት መስመር የሚቀበረው ብረት በበጋም እርጥበት እስከሚገኝበት ድረስ መውረድ አለበት፤ መስመሩንም ባለሙያ በበጋ ቢለካው መልካም ነው። ከዚህም ጋር 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መከላከያ ቢተከል ደግ ነው። የአምፕሊፋየሩን ሆድ ግን ተማሪ አይክፈት፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኀይል ሊያቆይ ይችላልና።

በመጨረሻም ጓደኞቼን የምመክረው ይህ ነው። ቤዙ ሲያጉረመርም አትቈጡ፤ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነውና በትዕግሥት ስሙት። ወላጆችም በሠርግ ወይም በበዓል ቀን ሙዚቀኛ ስትጠሩ፥ መድረኩ ከመሞቁ በፊት ሦስተኛው ሽቦ በቦታው መኖሩን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጭብጨባ ተቀብዬ ነበር፤ ዋጋውንም በማግሥቱ ከፈልኩ።