ፌስታልን ከሱቅ የማስወጣት ሥራና የነጋዴው ድርሻ

ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪ በያህ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ በግራሩ እሾህ ላይ ነፋስ የሰቀለውን ፌስታል ሳያይ አያልፍም። ፍየሉና ግመሉ ከቅጠሉ ጋር ይበሉታል። ላስቲክ በከርሥ ውስጥ ስለማይፈጭ ይጠራቀማል፤ እንስሳውም የጠገበ መስሎት ከመኖ ይታቀባል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። የአገሩ ንግድ ዋነኛ መሠረት የቁም ከብት ነውና፣ በባንኮኒ ላይ በነፃ የተሰጠው ፌስታል ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው የነጋዴውን ሀብት ነው።

በዚህ ነገር ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። በጎረቤት ሐርጌሳም እ.ኤ.አ. በ2005 የታወጀው ክልከላ በሥራ ላይ ሳይጸና ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ እንኳ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ለውጥን የሚያጸናው ቅጣት ብቻ አይደለም። አንድ ባለሱቅ ለብቻው ፌስታል ቢከለክል ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ያሉ ባለሱቆች ቀን ቆርጠው በአንድነት መጀመር ይገባቸዋል።

በየሱቁም ውስጥ ሥራው ሥርዓት ይሻል። አስቀድሞ ባለቤቱ ለፌስታል በወር የሚያወጣውን ገንዘብ በመዝገብ አስፍሮ ይመርምር፤ አዲስ ማዘዙንም ያቁም። ቀጥሎ የደንበኛውን ቍጣ ፊት ለፊት የሚቀበለው በባንኮኒ የቆመው ሠራተኛ ነውና፣ ትእዛዝ በግድግዳ ከመለጠፍ በፊት ከእርሱ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ለደንበኛው የሚሰጠውን መልስ ይወቅ፤ የወረቀት ከረጢትና ዘንቢልም በእጁ ይኑር። ከረጢቱ ዋጋ ሲኖረው ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ዕቃ ይዞ መምጣትን ይለምዳል።

ነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። የሶማሌ እናቶች ከዕፅ ቃጫ በጠለፉትና በጢስ ባጠኑት ዕቃ ወተት ሲያጓጉዙ ኖረዋል፤ ያ ዕቃም ለዓመታት ያገለግላል እንጂ ከአንድ ቀን በኋላ አይጣልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሁሉ፣ አንዱን ባለሱቅ የሚያከስረው ለውጥ በኅብረት ሲያዝ ለሁሉም ይቀላል።