የእናት ቀሚስ እንዳይሻግት
በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ብዙ እናቶች ከለበሱት የሀገር ልብስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልያዙም። እናት ፈትላው አባት የሸመነው ቀሚስ በነታንያ ቁም ሣጥን ውስጥ ካለ፣ የባሕሩ እርጥበት ሳያሻግተው ማየት ነው። ምትክ የለውም።

መጀመሪያ መለየት ይገባል። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ግን እኩል ነው። ካጠራጠረ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በብረት ሰሐን ላይ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ናይሎን ቀልጦ ይጠጥራል።

ከማጠብ በፊት ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ቀለም ከለቀቀ ውኃ ውስጥ አይነከርም። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ኤኮኖሚካ ግን ክሩን ይበላል፣ ጥለቱንም ያነጣል።

በደንብ ሲደርቅ በንጹሕ ነጠላ ይጠቀለል እንጂ በናይሎን ከረጢት አይታሰር፤ ናይሎን እርጥበት ያፍናል። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ እዚያው ይቀደዳልና፣ በየዓመቱ ለስግድ ሲወጣ እጥፋቱን መቀየር ነው። ያኔ ለልጅ ልጅም ይተርፋል።