ዳገቱን ሞተር ይወጣዋል፤ ቁልቁለቱንስ?



ብስክሌት የምታውቁ አላችሁ። በሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ዳገት ሲመጣ ግን ሰውየው ይወርድና ብስክሌቱን ይገፋል። ታዲያ ያን ጊዜ ተሸካሚው ማን ነው? ሰውየው ነው ወይስ ብስክሌቱ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ዳገት ስለሚወጣ ብስክሌት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። በባትሪ ይሠራል። በፋብሪካ የሚሠራ አለ። በቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው የሚሠሩትም ሰዎች አሉ። እኛ የምንነግራችሁ በቤት ስለሚሠራው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተራራ ብስክሌት ከየት መጣ?

በአሜሪካ አገር ካሊፎርኒያ የሚባል ግዛት አለ። በዚያ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን ማሪን የሚባል ወረዳ ይገኛል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው።

በ1970ዎቹ የማሪን ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን ይሰበስቡ ጀመር። ብስክሌቶቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ነበሩ። ከባዶች ናቸው፤ ጎማቸውም ወፍራም ነው። ወጣቶቹ ተራራ ላይ ያወጧቸውና ቁልቁል ይጋልቧቸዋል። በ1976 ፌርፋክስ በሚባል ከተማ አጠገብ ውድድር ጀመሩ። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ ወደ 400 ሜትር ይወርዳል።

ታዲያ ምን ሆነ? የብስክሌቶቹ ፍሬን በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ነበር። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደ ምጣድ ይግላል። በውስጡ ያለው ግሪስ ይጤሳል፤ ተቃጥሎም ያልቃል። ከውድድሩ በኋላ እምብርቱን ፈትቶ አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ሆነ። መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። «ሪፓክ» ተባለ። በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው።

ወጣቶቹ ከጢሱ ተማሩ። የተሻለ ፍሬን ገጠሙ። ከሞተር ብስክሌት ላይ የፍሬን እጀታ ወሰዱ። ማርሽ ጨመሩ። በ1977 ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ የተባለው ሰው ለተራራ የሚሆን አዲስ ቴላዮ በራሱ እጅ ሠራ። ያ ብስክሌት ኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ንብረት ሆኗል።

አያችሁ? ተራራ የሚወጣውን ብስክሌት ያሻሻለው ፍሬኑን ያሰበ ሰው ነው።

ሞተሩ የት ይገጠማል?

ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በ1895 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ችግሩ ባትሪው ነበር፤ የዚያ ዘመን ባትሪ ከባድ ነው። ዛሬ ግን ሊቲየም የሚባል ቀላል ብረት ያለበት ባትሪ አለ። ነገሩን ያቀለለው ይኸው ነው።

በቤቱ የሚሠራ ሰው ሞተሩን ከሁለት ቦታ በአንዱ ይገጥማል። አንደኛው የጎማው እምብርት ነው። አገጣጠሙ ቀላል ነው። ነገር ግን በረጅም ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሞተሩ ይግላል። ሁለተኛው ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቦታ ነው። ይኸኛው ጉልበቱን የሚልከው በካቴናው በኩል ነው። ስለዚህ ማርሹን ይጠቀምበታል። ዳገት ሲመጣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ይቀለዋል። ለተራራ ይህ ይሻላል። ምን ይደረግ፣ ካቴናው ግን ቶሎ ያልቃል።

ሒሳቡ ይቅደም

ብልህ ሠሪ ከመፍቻ በፊት እርሳስ ያነሣል።

የእጅ ባትሪ ድንጋይ ታውቃላችሁ። የብስክሌቱም ባትሪ ከብዙ ትናንሽ ድንጋዮች የተሠራ ነው። አንዱ ድንጋይ 3.6 ቮልት አለው እንበል። 13ቱ በተርታ ሲያያዙ 46.8 ቮልት ይሆናሉ። በገበያ «48 ቮልት» የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ድንጋይ 3 አምፔር ሰዓት ቢይዝና እንዲህ ያለ ተርታ 4 ቢሆን፣ 12 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የድንጋዩ ቁጥር 52 ነው።

አሁን እናባዛ። 46.8 በ12 ሲባዛ 560 ዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። ዋት ሰዓት የባትሪው ስንቅ ነው።

ዳገቱስ ስንት ስንቅ ይበላል? ሰውየው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 25 ኪሎ ይሁን። ድምሩ 100 ኪሎ ነው። ይህን ሸክም 400 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት 109 ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በሙቀት የሚባክን አለ። ጠጠሩም ጎማውን ይይዘዋል። ስለዚህ 150 ብለን እንያዘው። እንግዲህ ባትሪው የሪፓክን ዳገት 3 ጊዜ አውጥቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ሰውየው ፔዳሉን ከረገጠ ደግሞ ስንቁ ይበረክታል።

እሳት ያዘለ ስንቅ

ይህ ስንቅ አደጋም አለበት። ድንጋዮቹን ገዝተው በቤታቸው የሚያያይዙ ሰዎች አሉ። ይህ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ድንጋዩ ከተበሳ፣ ሽቦው በስሕተት ከተነካካ፣ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላ ይግላል። አንዱ ሲነድ ጎረቤቱን ያነዳል። በኒውዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ የሊቲየም ባትሪዎች ባስነሡት ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማው በዚያው ዓመት ተፈትነው ያልተመሰከረላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎቻቸው እንዳይሸጡ በሕግ ከለከለ።

ስለዚህ ብልህ ሠሪ ሞተሩን በራሱ ቢገጥምም ባትሪውን ተፈትኖ የተመሰከረለት ይገዛል። የሚሞላውም ለዚያው ባትሪ በተሠራ መሙያ ብቻ ነው። ለ13 ድንጋይ ተርታ የሚሆነው መሙያ 54.6 ቮልት ነው። ሠሪው በመሙያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነብ አይሰካም። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ አይሞላም። በር አጠገብም አይሞላም። ለምን? እሳት ቢነሣ መውጫ ይዘጋል።

የመጨረሻው ነገር፣ የመጀመሪያው ሥራ

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ሞተርና ባትሪ ብስክሌቱን አክብደውታል። ፍጥነቱንም ጨምረውለታል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ብስክሌት 30 ቢሄድ፣ ፍሬኑ የሚያበርደው ኃይል 2 እጥፍ አይደለም፤ 4 እጥፍ ነው። ይህ ቁጥር አጥንት ይሰብራል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

1. ቴላዮው ስንጥቅ እንዳለው ይመረመራል።
2. ከፊትም ከኋላም ጠንካራ የዲስክ ፍሬን ይገጠማል።
3. ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይታሰራል።
4. ባትሪው ከቴላዮው ጋር እንዳይነቃነቅ ይጠበቃል።
5. በፍሬኑ እጀታ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረጋል። እጀታው ሲያዝ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።
6. መጀመሪያ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ይሞከራል። ቀጥሎ ሜዳ ላይ ይሞከራል። ተራራው መጨረሻ ነው።

ሕጉም ልክ አለው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ መርዳቱን ያቆማል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ዱቄት ይለቀም ይሆናል። ከቁልቁለት የወደቀ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። የማሪን ወጣቶች ትምህርታቸውን ያገኙት ከሚጤስ ፍሬን ነው። እኛ ግን ከእነሱ ታሪክ አንብበን መማር እንችላለን። መሄድ ያስደስታል፤ መቆም ግን ያድናል።

የቃላት ፍቺ

ቴላዮ፦ ጎማ፣ ኮርቻና መሪ የሚያያዙበት የብስክሌቱ አጽም።
ካቴና፦ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሰንሰለት።
እምብርት፦ ጎማው የሚዞርበት መካከለኛ ክፍል።
ዋት ሰዓት፦ ባትሪው የያዘው የኃይል መጠን።

ጥያቄዎች

1. የሪፓክ መንገድ ስሙን ያገኘው ከምንድን ነው?
2. ባትሪ ለምን በር አጠገብ አይሞላም?
3. አንድ ባትሪ 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ነው። ስንት ዋት ሰዓት ይይዛል? አባዙና ለጎረቤታችሁ አሳዩ።