ማንም የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት

ዊኪፔዲያ የተወለደው ካልተሳካ ሥራ ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኑፔዲያ የሚባል ነፃ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ጀምረው ነበር። የሚጽፉት ምሁራን ናቸው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊትም ሰባት ደረጃ ያለው ፍተሻ ያልፋል። ጥንቃቄው ያስመሰግናል፤ ግን በ2003 እስኪዘጋ ድረስ ፍተሻውን የጨረሱት ጽሑፎች ሠላሳ እንኳ አልሞሉም።

መላው የመጣው ከፕሮግራመሮች ዘንድ ነው። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ በ1995 ዊኪ የሚባል አዲስ ዓይነት ድረ ገጽ አውጥቶ ነበር፤ አንባቢው ስሕተት ካየ እዚያው ያርማል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ የሚያስፈቅደው አለቃ የለም። ሐሳቡ እንኳ ከዓለም አቀፉ ድር ጋር አብሮ የተወለደ ነው፦ የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1990 የሠራው የመጀመሪያው ማሰሻ ማንበቢያም መጻፊያም ነበር። ሰዉን ተመልካች ብቻ ያደረጉት በኋላ የተስፋፉት ማሰሻዎች ናቸው። ዌልስና ሳንገር በጥር 2001 የካኒንግሃምን ዘዴ ለኑፔዲያ ረቂቅ ማዘጋጃ ብለው ወሰዱት። ዓመቱ ሳያልቅ ዊኪፔዲያ የተባለው ይህ ረቂቅ ማዘጋጃ ወደ 20 ሺህ ጽሑፎች ያዘና ኑፔዲያን የሚያስታውሰው ጠፋ።

ማንም የሚነካካው ጽሑፍ እንዴት ይታመናል? ብዙ ሰው የሚደነቀው ሁሉም መጻፍ በመቻሉ ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ብልሃት የለውጦች መዝገቡ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ፊደል እንኳ ቢቀይር የቀድሞው ቅጂ ከነሰዓቱና ከአራሚው መለያ ጋር ይቀመጣል። ተሳዳቢ መጥቶ ገጹን ቢያበላሸው ሌላው በአንድ ጠቅታ ይመልሰዋል። ማበላሸት ከማስተካከል የበለጠ ድካም የሚጠይቅበት ሥርዓት እምብዛም አይገኝም። የሚጨነቁለትን ገጽ የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ግልጽ ጥፋትን ደግሞ ክሉቦት ኤንጂን የመሰሉ ሮቦቶች ወዲያው ይሰርዛሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚያይ ካለ ነው። በ2005 አንድ ቀልደኛ ነኝ ባይ አሜሪካዊውን ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለርን በኬኔዲዎች ግድያ የተጠረጠረ አስመስሎ ጻፈበት። ውሸቱ ከአራት ወራት በላይ ሳይነካ ቆየ፤ መዝገቡ አልተበላሸም፣ የከፈተው ሰው ነው የታጣው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ጽሑፍ መጀመር አይችልም።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ችግርም ይኸው የዓይን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ መጻፉ ከባድ አይደለም። ጽሑፎቹ ግን 15 ሺህ አካባቢ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ገጾች ከአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር አይዘሉም፤ የሚከታተላቸውም ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛው ላይ በደቂቃዎች የሚታረም ስሕተት እዚህ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።